መዝገብ፣ ካርድ፣ አሻራ ወይስ ፊት? ለድሬዳዋ ድርጅቶች የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ መምረጫ

በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባሉ ድርጅቶች በር ላይ የፊርማ መዝገቡ ከነእስክሪብቶው እየተነሣ በምትኩ ትንሽ ማሽን ሲሰቀል ማየት የተለመደ ሆኗል። ማሽኑ ጣት ወይም ፊት አይቶ ሠራተኛው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይመዘግባል። ለመግዛት ሱቅ የሚገባ ሥራ አስኪያጅ ግን የሚሰማው ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለሚይዘው የሰው ብዛት ብቻ ነው፤ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ማሽኑ የጉልበት ሠራተኛን ጣት ማንበብ ይችል እንደሆነ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ የሚነግረው የለም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክ፣ የሆቴል፣ የመጋዘንና የፋብሪካ ኃላፊዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት አራቱን ዋና ዋና አማራጮች በአንድ ሚዛን እንዲያዩዋቸው ነው። የንግድ ስም አልጠቀስኩም፤ በሁለት የአሻራ ማሽኖች መካከል ያለው ልዩነት በአሻራና በካርድ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለምና።

መስፈርቶቹ

አማራጮቹን የመዘንኩት በስድስት ጥያቄዎች ነው። ከሠራተኛው አካል ምን ይወስዳል? በግቢው ያሉትን ሰዎች ሁሉ ያውቃል ወይ? አንዱ ለሌላው እንዳይፈርም ይከለክላል ወይ? መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? የሚያወጣው መዝገብ ለደመወዝ ሥራና ለክርክር ያገለግላል ወይ? ከግዢው በኋላ ምን ወጪ ይከተላል? ከስድስቱ የመጀመሪያው ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። የሌሎቹ ጉድለት በገንዘብና በጊዜ ይታረማል፤ አንድ ጊዜ ከእጅ ያመለጠ አሻራ ግን እንደ ጠፋ ቁልፍ በሌላ አይተካም።

ስለዚህ ከሕጉ እንነሣ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ይጠብቃል። ይህን ጥበቃ ወደ ዳታ ዓለም ያወረደው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲሆን፣ ማስፈጸሙም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። አዋጁ አሻራንና ፊትን የመሰሉ የአካል መለያዎችን ከስምና ከስልክ ቁጥር ለይቶ፣ የጤናና የሃይማኖት መረጃ ካሉበት ከፍ ያለ ጥንቃቄ ከሚሻው ክፍል አስቀምጧቸዋል። ይህን መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚሰበስበው አስቀድሞ መግለጽ፣ ለዚያ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ አለመውሰድ፣ ለሌላ ጉዳይ አለማዋልና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አለማቆየት ይጠበቅበታል፤ መረጃው ከተሰረቀ ወይም ካፈተለከ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። አሥር ሠራተኛ ያለው የግል ክሊኒክም ቢሆን የአሻራ ማሽን በሰቀለ ዕለት ይህን ኃላፊነት ተሸክሟል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ፈቃድ በነጻ የተሰጠ መሆን አለበት። «አሻራህን ካልሰጠህ ደመወዝህ አይሠራም» የተባለ የቀን ሠራተኛ ወረቀቱ ላይ ቢፈርምም በነጻ ፈቀደ ለማለት ይከብዳል። የእኛ አዋጅ ገና አዲስ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ መርሕ ላይ የቆመ ሕግ ቀድመው የሠሩበት አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል። የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሰርኮ ሌዠር የተባለው ድርጅት በ38 የስፖርትና የመዝናኛ ማዕከሎቹ ከ2,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን የሥራ ሰዓት በፊትና በአሻራ መቆጣጠሩን እንዲያቆም አዝዟል። ዋናው ምክንያት ካርድን የመሰለ ቀለል ያለ መንገድ እያለ ለሠራተኞቹ ሌላ አማራጭ በግልጽ አለመቅረቡ ነበር። ስዊድን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 22 ተማሪዎችን በፊት መለያ ካሜራ ስም በመጥራቱ 200,000 ክሮኖር ተቀጥቷል። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄያለሁ ብሎ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን ተማሪ በትምህርት ቤቱ ሥር ያለ በመሆኑ ፈቃዱ በነጻ የተሰጠ አይደለም ብሎ አልተቀበለውም። እነዚህ ውሳኔዎች ድሬዳዋ ላይ አይጸኑም። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ወይም ወላጅ ነገ አቤቱታ ቢያቀርብ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው መሆኑ አይቀርም፦ በቀላሉ መቆጣጠር ሲቻል ለምን አካል ተወሰደ?

የፊርማ መዝገብ

ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ከአካል ምንም አይወስድም፤ መብራት አይፈልግም። ድክመቱን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት ሰዓት ከሩብ የገባውም ሦስት ሰዓት የገባውም እኩል «2፡00» ብለው ይጽፋሉ፣ ጓደኛ ለጓደኛ ይፈርማል፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ የሚሠራው ሰው በጣቱ እየቆጠረ ያመሻል። ሠራተኞቹ ከአሥራ አምስት የማይበልጡና አለቃው በየጠዋቱ በር ላይ የሚገኝ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ መግዛት አያስፈልግም።

ካርድ

ካርዱ የሚይዘው ቁጥር ነው። ሲጠፋ ቁጥሩ ይሰረዛል፣ ሌላ ይሰጣል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ከዚህ መመሪያ አማራጮች ሁሉ በሕግ በኩል አነስተኛ ሸክም ይዞ በቂ ቁጥጥር የሚሰጠው ይህ ነው።

ሁለት ነገር ልብ ይባል። የመጀመሪያው የካርዱ ዓይነት ነው። በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠሩት ርካሽ ካርዶች ቁጥራቸውን ያለ ምንም መቆለፊያ ለጠየቃቸው ሁሉ ስለሚናገሩ በቀላል መሣሪያ ይገለበጣሉ፤ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠሩትን፣ ከእነሱም ምስጠራ ያላቸውን መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው ካርድ ተቀባብሎ መፈረም ነው። ይህን ለመቀነስ የሠራተኛው ፎቶ በካርዱ ላይ ይታተም፣ ማሽኑም ዘበኛው ከተቀመጠበት ፊት ለፊት ይሰቀል፤ ሁለት ካርድ ይዞ የሚመጣን ሰው ዘበኛ በዓይኑ ይለየዋል። ሻጮች ይህን ቀላል መፍትሔ አያነሡም፤ እኔ ግን በሠራሁባቸው ቦታዎች ከብዙ ውድ ማሽን የተሻለ ሲሠራ አይቻለሁ።

አሻራ

አሻራ በብዛት የሚገዛው በሁለት ምክንያት ነው፦ አንዱ ለሌላው መፈረምን በደንብ ይከላከላል፣ ዋጋውም ከካርድ ማሽን ብዙም አይርቅም። ነገር ግን በድሬዳዋ ሁኔታ ብዙ ጣጣ ያለበትም እሱ ነው።

ሻጮች «የጣት ፎቶ አይቀመጥም፣ ቁጥር ብቻ ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች የአሻራው መስመሮች የሚቋረጡባቸውንና የሚከፈሉባቸውን ነጥቦች አቀማመጥ ወደ ቁጥር ለውጠው ያስቀምጣሉ። ይሁን እንጂ ያ ቁጥር ባለቤቱን ለይቶ የሚያሳውቅ ስለሆነ የአካል መለያነቱን አያጣም፤ ከነጥቦቹ ተነሥቶ አሻራውን የሚመስል ምስል መልሶ መሥራት እንደሚቻልም ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አደጋው የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ ተሰርቋል። በ2019 ደግሞ ባዮስታር 2 የተባለው የበርና የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ሥርዓት የመረጃ ቋት ጥበቃ ሳይደረግለት በኢንተርኔት ላይ ተጋልጦ ተገኝቷል፤ በውስጡ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አሻራ እንደነበረበት ያገኙት ተመራማሪዎች ተናግረዋል። የዚያ አሻራ ባለቤቶች የይለፍ ቃላቸውን መቀየር ይችላሉ፤ ጣታቸውን ግን ምን ያደርጉታል?

ወደ ጣቱ ራሱ እንምጣ። ሲሚንቶ ቆዳን ይበላል። ከረጢት የሚሸከም፣ ብሎኬት የሚያመርት ወይም ግንብ የሚገነባ ሰው የጣቱ መስመሮች እየሟሹ ይሄዳሉ፤ ሲሚንቶ ፋብሪካና ግንባታ በሞላበት በእኛ ከተማ ይህ የጥቂት ሰው ችግር አይደለም። በአንድ ግቢ በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደርሶ አውራ ጣቱን ከማሽኑ ላይ አሳረፈ፤ ማሽኑ ጮኸበት። ጣቱን በሱሪው ጠረገ፣ በምራቁ አራሰ፣ የግራውን ሞከረ፣ ሌባ ጣቱን ሞከረ። ከኋላው ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ስድስት ጊዜ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቶ ወደ ዳር ሲወጣ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐፍረት የሌባ እንጂ በሰዓቱ የደረሰ ሰው አልነበረም። በዚያ ወር ደመወዙ ላይ የሦስት ቀን ቅጣት ተጽፎበት ነበር፤ የተሰረዘለት ዘበኛው በየቀኑ መምጣቱን ስለመሰከረለት ብቻ ነው።

ሌላው ሂና ነው። በድሬዳዋና በሐረር ሠርግ ወይም ዒድ ሲሆን የሴቶች ጣት ጫፍ በሂና መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ በብርሃን የሚያነቡ አንዳንድ ማሽኖች ከሠርግ ማግሥት የመጣችን ሠራተኛ ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ አያውቋትም። ሻጩ ይህን አያስበውም፤ ማሽኑን የሠራውም አላሰበውም። በአገሩ ወግ ጣቷን ያስጌጠች ሴት በዚያ ምክንያት «ቀሪ» መባሏ ለእኔ ከቴክኒክ ጉድለት ያለፈ ጉዳይ ነው።

ያም ሆኖ አሻራን መጠቀም ግድ ከሆነ ከእያንዳንዱ እጅ ቢያንስ አንድ አንድ ጣት ይመዝገብ፤ አመልካች ጣት ከአውራ ጣት ይልቅ ለብዙዎች ይመቻል። በማሽኑ አጠገብ እርጥብ ጨርቅና የአቧራ መጥረጊያ ይቀመጥ። ጣቱ ለማይነበብ ሰው ደግሞ ካርድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰጠው፤ ለምኖ እንዲያገኘው አይደረግ።

ፊት

የፊት መለያ ሳይነካ ስለሚሠራ ለሲሚንቶ እጅም ለሂና ጣትም መፍትሔ ይመስላል፤ ሰልፍንም ያሳጥራል። ግን ለማን ምን ያህል በትክክል ይሠራል የሚለው ጥያቄ ለእኛ ከሌሎች በላይ ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ያሳተሙት ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ሥርዓቶች ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የነበረው ትልቁ ስህተት 0.8 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ያ ጥናት ስለ ጾታ መለየት እንጂ ማንነትን ስለማረጋገጥ አልነበረም። በማንነት በኩል የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2019 መጨረሻ 189 ሶፍትዌሮችን መርምሮ፣ አንዱን ሰው በሌላው የማሳሳት ስህተት በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ከፍ ብሎ፣ በምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ላይ ደግሞ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አስታውቋል። ምሥራቅ አፍሪካ ማለት እኛ ነን። ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ደኅና የሚሠራም አለ፤ ሆኖም ማሽኑ ሳይገዛ በፊት በድርጅቱ ሠራተኞች ላይ በተለይም በሚመሳሰሉ እኅትማማቾችና ዘመዳሞች ላይ ለጥቂት ቀናት ይፈተን። ፈተናውን የማይፈቅድ ሻጭ ቢታለፍ ይሻላል።

ቀጥሎ ኒቃብ አለ። ፊትን ገልጦ የሚተው ሒጃብ ማሽኑን አያውከውም፤ ኒቃብ የምትለብስን ሠራተኛ ግን በየጠዋቱ በወንዶች ሰልፍ መካከል ፊትሽን ግለጪ ማለት በድሬዳዋም በሐረርም የሚያስከብር አሠራር አይደለም። ካርድ መስጠት እያለ ይህን መጠየቅ አያስፈልግም። ማሽኑ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው በር ላይ ከተሰቀለም ካሜራው ይታወራል፤ ጥላ ሥር ይሁን። ወደ መንገድ የዞረ ካሜራ ደግሞ ሠራተኛ ያልሆነውን አላፊ አግዳሚ ፊት ስለሚይዝ ድርጅቱን ያልጠየቀው ኃላፊነት ውስጥ ይከተዋል፤ ወደ ግቢው ውስጥ ይዙር።

ስለ ፋይዳ አንድ ቃል

አንዳንድ ኃላፊዎች «ሠራተኞቻችን ፋይዳ አላቸው፣ አሻራቸውን መንግሥት ስለያዘው ለእኛም ይሆናል» ሲሉ እሰማለሁ። አይሆንም። ፋይዳ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ፣ አሥር ጣት፣ ሁለት የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ወስዶ ሰውን ለይቶ ለማወቅ የተዘረጋ ሥርዓት ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር ማንነቱን ለማረጋገጥ ይጠቅማል። ለዚያ የተሰጠ አሻራ ግን ለድርጅቱ በር ማሽን ፈቃድ ሆኖ አይቆጠርም፤ ዓላማው ሌላ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መስፈርት | መዝገብ | ካርድ | አሻራ | ፊት |
|---|---|---|---|---|
| ከአካል የሚወስደው | ምንም | ምንም | የጣት መለያ | የፊት መለያ |
| የሕግ ሸክም | ቀላል | ቀላል | ከባድ | ከባድ |
| የማያውቃቸው ሰዎች | መጻፍ የማይችሉ | የሉም | በሲሚንቶና በጉልበት ሥራ ጣታቸው የሟሸ፣ ሂና ያደረጉ | ኒቃብ የለበሱ፣ በጣም የሚመሳሰሉ |
| ለሌላ ሰው መፈረም | ቀላል ነው | ዘበኛ ካላየ ይቻላል | አስቸጋሪ ነው | አስቸጋሪ ነው |
| መብራት ሲጠፋ | አይነካውም | መጠባበቂያ ባትሪ ይሻል | መጠባበቂያ ባትሪ ይሻል | መጠባበቂያ ባትሪ ይሻል |
| የደመወዝ ስሌት | በእጅ | በኮምፒውተር | በኮምፒውተር | በኮምፒውተር |
| መነሻ ወጪ | እጅግ አነስተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍ ያለ |
| ተከታይ ወጪ | የሰው ጊዜ | ምትክ ካርድ | ጽዳትና የመረጃ ጥበቃ | የመረጃ ጥበቃ |

ለማን የትኛው?

ለሱቅ፣ ለትንሽ ምግብ ቤትና ለጽሕፈት ቤት መዝገቡ ይበቃል። ገንዘቡ ካለ ካርድ ይግዙ።

ለትምህርት ቤት ያለ ማመንታት ካርድ እመክራለሁ፤ ለመምህራንም፣ ለተማሪዎችም። የሕፃን አሻራ መውሰድ ለስም መጥሪያ የሚያስፈልግ ነገር አይደለም፣ የስዊድኑም ውሳኔ ከላይ ተነግሯል።

ብዙ የቀን ሠራተኛ ለሚያስተዳድሩ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የግንባታ ድርጅቶች ፎቶ ያለበት ካርድና በር ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ከአሻራ ይሻላል። የቀን ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በዓመት ውስጥ ያልታሰበ ብዛት ያለው አሻራ ይከማቻል፤ ከሄዱ በኋላ የሚያጠፋላቸው ሰው ደግሞ አይገኝም። ፈረቃ ያለበት ድርጅት ለሰዓቱ ትክክለኛነት የበለጠ ይጨነቅ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ሲሆን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን፣ በሌሊት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓል ይለያያል። ስለዚህ የተመዘገበው ሰዓት በክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

አሻራ ወይም ፊት ተገቢ ሆኖ የማገኘው ገንዘብ ወይም መድኃኒት የሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ ነው። የሚገቡት ጥቂት ናቸው፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ መረጃውም ጥቂት ይሆናል። ለመላው ሠራተኛ ካርድ፣ ለዚያ አንድ በር አሻራ ማድረግ ለባንክ ቅርንጫፍም ለፋርማሲም የሚመች አመዳደብ ነው።

በጀታቸው ለአንድ ማሽን ብቻ የሚበቃ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ማሽኖች አሻራ፣ ካርድና የቁጥር ኮድ በአንድ ላይ ይቀበላሉ። እንዲህ ያለውን ገዝቶ አሻራውን ሳይከፍቱ በካርድ ብቻ መጠቀም ይቻላል።

ከመክፈል በፊት

ሻጩን መረጃው የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ፤ በማሽኑ ውስጥ ነው፣ በድርጅቱ ኮምፒውተር ነው ወይስ በውጭ አገር ሰርቨር? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይመረጣሉ። ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት ይቀየር። ሶፍትዌሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ወሩን ከወራችን፣ ሰዓቱንም ከጠዋት አንድ ሰዓት ከሚጀምረው ሰዓታችን ጋር የሚያስማማ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ ጳጉሜን ላይ የደመወዝ ክርክር የሚነሣው በዚህ ነው። የፈቃድ ወረቀቱ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይዘጋጅ፤ በድሬዳዋ ይህ ማለት በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛም ነው፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ይነበብለት። እምቢ የማለት መብቱና የካርድ አማራጩ በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።

ያገለገለ ማሽን ለመግዛት ወደ አንድ ሱቅ በገባሁበት ቀን ባለሱቁ እንደሚሠራ ሊያሳየኝ ሶኬት ላይ ሰካው። ስክሪኑ ሲበራ የቀድሞው ድርጅት ሠራተኞች ዝርዝር ወጣ፤ ስማቸው ከነአባታቸው፣ በየስማቸው አንጻር የተመዘገበው ጣት ብዛት። ከመቶ በላይ ነበሩ። አንዳቸውም አሻራቸው እዚያ መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቁ አይመስለኝም። ሠራተኛ ሲለቅ መለያው በዚያው ሳምንት ይጥፋ፤ ማሽኑ ሲሸጥ፣ ሲጠገን ወይም ሲጣል ደግሞ የውስጡ መረጃ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ፣ ማን በየትኛው ቀን እንዳጠፋው ተጽፎና ተፈርሞ በፋይል ይቀመጥ።